ወባ መድኃኒት አይለምድም፤ ይበጠራል



«ይሄ መድኃኒት ለእኔ አይሠራም፤ ሰውነቴ ለምዶታል።» «ሰውነቴ እንዳይለምደው ብዬ ትንሽ ሲሻለኝ አቆምኩት።» እነዚህን ሁለት አባባሎች በዶርም፣ በካፌ ሰልፍ ወይም ከሶላት በኋላ በመስጂድ ደጅ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ሁለተኛው አባባል የመጀመሪያው ልጅ ነው። መድኃኒት የሚለመድ ነገር ከሆነ ቀንሶ መውሰድና ቶሎ መተው ብልህነት ይመስላል። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ»፣ «መድኃኒት የተላመደ ወባ» እየተባለም ቃሉ ከጤና ባለሙያው አፍ ሳይቀር ስለሚሰማ ማንም አይጠራጠረውም።

እኛ ግን እንጠራጠረው እንላለን። የወባ ተሕዋስ መድኃኒት አይለምድም፤ ይበጠራል። የሚያበጥረው ነፋስ መድኃኒቱ ራሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በግማሽ የቀረው መድኃኒት። ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባልወሰድንበት ነበር። የተሳሳተ ሥዕል በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ቅን ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ሥራ ስለሚሠራ ነው ጉዳዩን ማንሳታችን።

ለደጋ ሰው ምኑ ነው?

ከየካ ሚካኤል ሆኖ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ለሚያይ ሰው ወባ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። እውነትም ነው፤ ብርዱ ይጠብቀናል። ተሕዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ አድጎ ለመጨረስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሆነው በታች እድገቱ ይቆማል። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባለው መሬት ሲሆን የየካ ሰፈሮች ከዚያ በጣም ከፍ ይላሉ። አያቶቻችን ቆላ ወርደው ሲመለሱ የሚይዛቸውን ትኩሳት «ንዳድ» እያሉ፣ ደጋው ላይ መስፈርን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዶርማችን ግን ደጋም ቆላም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከመተማ፣ ከጋምቤላ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከከሚሴ፣ ከድሬዳዋ የመጡ ልጆች ይተኛሉ። ለእረፍት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ አንዳንዱ ወባውን በደሙ፣ ሌላው «ለማንኛውም» ብሎ የያዘውን ኮአርተም በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ከግማሽ ላይ የቆመች ስትሪፕ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ሌላ ወንድም ሲያተኩሰው ትወጣለች። ሰጪው ለኸይር ብሎ ነው፤ ተቀባዩም ጀዛከላህ ኸይር ብሎ ይውጣል። ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህች መሳቢያ ላይ ነው።

አውድማው

እህል ሲበጠር ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የተወቃው እህል በላይዳ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ነፋሱ ገለባውንና እብቁን ይወስዳል፤ ፍሬው እዚያው ይወድቃል። ፍሬው የቀረው ነፋሱን ስለለመደ አይደለም፤ ድሮውንም ከባድ ስለነበረ ነው። ነፋሱ የሠራው ቀላሉን ወስዶ ከባዱን ብቻውን ማስቀረት ነው። ደካማ ነፋስ ገለባውን ብቻ ይወስዳል፤ አውሎ ነፋስ ቢመጣ ግን ፍሬውንም ጠርጎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የምህንድስና ተማሪ ያለ ቁጥር አያምንም ይባላልና። በጠና በታመመ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ እስከ 1 ትሪሊዮን የሚደርስ የወባ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ በየ48 ሰዓቱ ይባዛል። በተባዛ ቁጥር የዘሩን ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም እንደ ማንኛውም ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። ስህተቱ በጣም ጥቂት ነው፤ በአንድ ፊደል ላይ ከቢሊዮን ግልበጣ አንድ ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ። ግልበጣው ትሪሊዮን ሲሆን ግን ያው ስህተት በአንድ በሽተኛ ደም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደርሳል።

ስህተቱ ዒላማ የለውም። አብዛኛው ተሕዋሱን ራሱን ይጎዳዋል ወይም ምንም አይለውጥም። ከስንት አንዴ ግን መድኃኒቱን የሚያመልጥ ሆኖ ይገኛል። ይህ የሆነው በሽተኛው የመጀመሪያዋን ፍሬ ከመዋጡ በፊት ነው። መድኃኒቱ ሲደርስ ከባዱ ፍሬ አውድማው ላይ ቆይቷል። ደካማ ነፋስ ካገኘው ዘመዶቹ ተጠርገውለት ደሙ ለብቻው ይቀርለታል፤ ከዚያ ትንኝ ትመጣና ወደ ጎረቤት ታሻግረዋለች።

ለዚህ ነው ዛሬ ወባ በአንድ መድኃኒት ብቻ የማይታከመው። ኮአርተም ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ፍሬ የያዘ ነው፤ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። አንዱን የሚያመልጥ ተሕዋስ ከቢሊዮን አንድ ነው ብለን ብናስብ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያመልጥ ለማግኘት ቢሊዮን በቢሊዮን ማባዛት ያስፈልጋል። ያን ያህል ተሕዋስ በአንድ ሰው ደም ውስጥ አይገኝም። ጣሪያውን በሁለት ምሰሶ ማቆም ማለት ነው፤ አንዱ ቢሰነጠቅ ሌላው እስኪጠገን ይሸከማል።

የሁለቱ ምሰሶ ሥራ ግን የተለያየ ነው። አርቴሜተር ፈጣን ነው፤ በአንድ የ48 ሰዓት ዙር ውስጥ የተሕዋሱን ቁጥር ወደ 10,000 እጥፍ ይቀንሳል፤ ግን በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ሉሜፋንትሪን ዘገምተኛ ነው፤ ለቀናት ደም ውስጥ እየቆየ ቃርሚያውን ይለቅማል። የ3 ቀኑ ሕክምና አርቴሜተርን ሁለት ዙር እንዲያገኘው የታሰበ ነው። ከ1 ትሪሊዮን ብንነሳ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 100 ሚሊዮን ይቀራል፤ ከሁለተኛው በኋላ 10,000። ይህንን የቀረ ሉሜፋንትሪን ይጨርሰዋል።

አሁን አንዱ በመጀመሪያው ቀን ተሻለኝ ብሎ አቆመ እንበል። ትኩሳት የሚሰማው ተሕዋሱ ከአንድ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ያ መጠንም ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶ፣ ወደ ክላስ ሲሄድ እንኳ 100 ሚሊዮን የሚያህል ተሕዋስ በደሙ ሊኖር ይችላል። «ተሻለኝ» የሚለው ስሜት የሚያወራው ስለ ትኩሳቱ ብቻ ነው።

ስለ አንድ የሚከብድ ቃል

ከላይ ያልነው ሁሉ በባዮሎጂ መጽሐፍ «ዝግመተ ለውጥ» በሚለው ርዕስ ሥር ይገኛል። በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ያለፍን ልጆች ይህን ቃል በሁለት ጆሮ ነው የሰማነው፤ በአንዱ ለፈተና ሸምድደነዋል፣ በሌላው ተጠንቀቁ ተብለናል። ከዚህም የተነሳ ቃሉ ሲነሳ ነገሩን ሁሉ ዘግቶ የሚወጣ ወንድም አለ።

የአባታችን የአደም አፈጣጠር ጉዳይ ዑለማዎቻችን የሚናገሩበት የዓቂዳ ጉዳይ ነው፤ በወባ ጽሑፍ የሚፈታ አይደለም። እዚህ የምንናገረው ግን በደም ናሙና የታየ፣ የተቆጠረ፣ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የደረሰ ነገር ነው። «ዒላማ የለውም» ስንልም ተሕዋሱ አስቦ አያደርገውም ማለታችን እንጂ ከአላህ ዕውቀት ውጭ ነው ማለታችን አይደለም። ዝናብ በምን ሕግ እንደሚወርድ ማወቅ ለማንም ኢማን ስጋት ሆኖ እንደማያውቅ ሁሉ፣ ተሕዋስ በምን ሕግ እንደሚበጠር ማወቅም አይሆንም። አለማወቁ ግን ለሕመምተኛው ስጋት ነው።

በእኛው አገር የሆነው

የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1958 በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። በዚያ ዘመን የነበረው መሣሪያ ክሎሮኪን ነው፤ ርካሽ፣ ፈጣን፣ ለሕፃንም ለአዋቂም የሚሰጥ። ነገር ግን በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻ በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር፣ እንዲሁም በደቡብ አሜሪካ፣ ክሎሮኪን የማይገድለው ፋልሲፓረም ታየ። ይህ ተሕዋስ መድኃኒቱን ከምግብ ከረጢቱ መልሶ የሚተፋ በር ያለው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ተመዘገበ።

አገሪቱ በ1998 ክሎሮኪንን ለፋልሲፓረም መስጠት ትታ ወደ ፋንሲዳር ዞረች። ፋንሲዳር አምስት ዓመት እንኳ በወጉ አላገለገለም። በ2003 በተለያዩ የአገሪቱ ቦታዎች ሲፈተሽ ከሦስት ታካሚ በላይ በአንዱ በ14 ቀን ውስጥ ከሽፎ ተገኘ። በ2004 ኮአርተም ገባ፤ እስከ ዛሬም የመጀመሪያ መድኃኒታችን እሱ ነው።

የኮአርተም ፈጣኑ ምሰሶ፣ አርቴሜተር፣ የተገኘው ከቻይና ቅጠል ነው፤ የእኛው የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ከሆነ ተክል። ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ተመራማሪ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላብጣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመድኃኒቱን መነሻ ከተክሉ አወጣች፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። መድኃኒቱ እንደ ክብሪት ነው። ተሕዋሱ የሰውን ቀይ ደም ሲበላ የሚወጣው ብረት ክብሪቱን ይጭረዋል፤ እሳቱም ተሕዋሱን ይፈጀዋል። በ2008 እና በ2009 ከምዕራብ ካምቦዲያ የመጡ ጥናቶች ግን ይህን እሳት የሚያዘገይ ተሕዋስ መኖሩን አረጋገጡ። ኬልች13 በተባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ ያለው ተሕዋስ በልጅነቱ የሚበላውን ደም ይቀንሳል፤ ክብሪቱ ሳይጫር፣ መድኃኒቱ ከደም እስኪወጣ አድብቶ ይቆያል።

አፍሪካም አልቀረችም። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳ፣ በኤርትራ ተመሳሳይ ለውጦች ተገኙ። በአገራችን በኬልች13 622ኛ ቦታ ላይ ያለው ለውጥ በ2014 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥቂት ሆኖ ታየ። በ2023 የታተመ ሰፊ ጥናት 609 የወባ ናሙናዎችን መርምሮ በ8 በመቶው ውስጥ አገኘው። እነዚህ ተሕዋሳት እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመዳሞች ነበሩ። አንድ ቤተሰብ እየሰፋ ነው ማለት ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደውን፣ ሥራው ሲያልቅ የሚመለሰውን ወገን ያሰበ ሰው መንገዱን ለመገመት አይቸገርም።

እንዳንሳሳት፤ ኮአርተም ዛሬም ይፈውሳል። በአገራችን የተደረጉ የፈዋሽነት ጥናቶች አብዛኛው ታካሚ እንደሚድንበት ያሳያሉ። አንዱ ምሰሶ ስንጥቅ ጀምሯል፤ ሌላው ግን ቆሟል። ጥንቃቄ የሚጠቅመው አሁን፣ ጣሪያው ከመውረዱ በፊት ነው። ክሎሮኪን ከሄደ በኋላ ፋንሲዳር ነበረ፤ ከፋንሲዳር በኋላ ኮአርተም ነበረ። ከኮአርተም በኋላ የሚመጣው ግን እንደ እሱ ርካሽና ለገጠር ጤና ኬላ ሁሉ የሚዳረስ ለመሆኑ ማንም ዋስትና አልሰጠንም።

መመርመሪያውም ያበጥራል

የማበጠር ሕግ በመድኃኒት ብቻ አይቆምም። በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጠው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የሚፈልገው ተሕዋሱ የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የማያመርት ተሕዋስ ቢገኝስ? መመርመሪያው «ወባ የለም» ይላል፤ በሽተኛው ሳይታከም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተሕዋሱም በሰላም ይባዛል። በ2021 የታተመና ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የኢትዮጵያ ጥናት፣ ከፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በዚህ ምክንያት ከመመርመሪያው ሊያመልጡ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ 5 በመቶ ሲያልፍ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። ይህ ፕሮቲን መመርመሪያን «ሊለምድ» አይችልም። ቃሉ እንደማይሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ጉዳዩ ከተማሪ ሕይወት የራቀ እንዳይመስለን ደግሞ ድሬዳዋ አለች። በ2022 በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሣ ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው ዶርም ነበር። ትንኟ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ናት፤ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር የመጣች፣ በ2016 በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘች፣ በውኃ ማጠራቀሚያና በግንባታ ቦታ ጉድጓድ የምትራባ የከተማ ትንኝ። ተመራማሪዎች የተማሪዎቹንና የነዋሪዎቹን ደም ሲመረምሩ የኬልች13ቱንም ለውጥ፣ የጠፋውንም ፕሮቲን አገኙ። ከመድኃኒት የሚያደባ ተሕዋስ፣ መመርመሪያ የማያየው ተሕዋስና ከተማ የምትኖር ትንኝ በአንድ ከተማ ተገናኙ።

በአጠቃላይ አገሪቱ ደግሞ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ጎርፍ ውስጥ መድኃኒቱ ከከሸፈ ምን እንደሚሆን ማሰብ ይከብዳል።

«ጥፋቱ የእኛ ነው እንዴ?»

አንዳንድ ወንድሞች ሊቆጡ ይችላሉ፤ ተገቢ ቁጣ ነው። ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን ሲዘጋ፣ የአጎበር ርጭትና ስርጭት ሲቋረጥ፣ በእርሻ ቦታ የቀን ሠራተኛው ያለ ሐኪም ሲቀር፣ መድኃኒት ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ በአንድ ዶርም መሳቢያ ላይ ጣት መቀሰር ከባዱን ከትከሻ አውርዶ ቀላሉን መሸከም ይመስላል። ትልቁ ድርሻ በእርግጥ የመንግሥትና የተቋማት ነው። አዲስ መመርመሪያ የሚገዛ፣ ሁለት ሦስት የተለያዩ ጥምር መድኃኒቶችን የሚያፈራርቅ፣ ድንበር ላይ ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ አይደለም።

ነገር ግን ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የማላዊን ታሪክ እንይ። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን ሙሉ በሙሉ ተወች። ነፋሱ ሲቆም፣ መድኃኒቱን የሚተፋው ተሕዋስ ለመትፊያው በር የሚከፍለው ዋጋ ብቻ ቀረበት፤ ጤነኛው ተሕዋስ በለጠው። በ2006 በታተመ ጥናት ክሎሮኪን እንደገና ከመቶ ታካሚ 99ኙን ፈወሰ። በእኛ አገር ክሎሮኪን ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላው የወባ ዓይነት ስለሚሰጥ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ቆሞ አያውቅም፤ የፋልሲፓረሙ ለውጥም በብዛት እንዳለ ነው። የማላዊ ትምህርት ነፋሱን የሚወስነው ሰው መሆኑ ነው። መድኃኒት በየት፣ መቼና እንዴት እንደሚወሰድ የብዙ ትናንሽ እጆች ድምር ነው፤ መሳቢያዋም አንዷ ናት።

ሁለተኛ፣ የመድኃኒት ኃይል የማንም የግል ንብረት አይደለም። ፍሬዋን በገንዘቤ ገዝቼ ይሆናል፤ የመፈወስ ኃይሏ ግን የሁሉም ነው፤ ገና ያልተወለደው የመተማ ሕፃንም ድርሻ አለበት። በዲናችን የሰው ንብረት በእጁ የገባ ሰው የተሸከመው ነገር አማና ይባላል።

ምን እናድርግ?

ሳይመረመሩ ወባ ነው ብሎ መዋጥ ይቅር። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ታይፎይድም፣ ጉንፋንም፣ ሌላም ያተኩሳል። ከቆላ የተመለሰ ወንድም ካተኮሰው ግን አንድ ቀን ሳያሳድር ጤና ጣቢያ ሄዶ «ከዚህ ቦታ ነው የመጣሁት» ብሎ ይናገር፤ በየካ የሚሠራ ባለሙያ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላልና። ፈጣኑ መመርመሪያ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቅ።

የተጀመረ ይጨረስ። የአዋቂ ሰው የኮአርተም ሕክምና 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ ስድስት ጊዜ፣ በ3 ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰድ፤ ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ባዶ ሆድ የተዋጠ ሙሉ መጠን እንኳ ደካማ ነፋስ ሊሆን ይችላል።

24ቱ ለሁለት ወንድም ሲካፈል ለማንም ሕክምና አይሆንም፤ ለሁለት ሰው ደካማ ነፋስ ይሆናል። እንጀራን መካፈል ሰደቃ ነው፤ ይህን መድኃኒት መካፈል ግን አይደለም። ለወንድሙ ኸይር መሥራት የሚፈልግ አብሮት ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ወረፋ ይያዝለት፣ ወተትና ምግብ ያምጣለት፣ የማታውን መጠን በሰዓቱ ያስታውሰው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወባ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው፤ ከጠፋና ከፋርማሲ መግዛት ግድ ከሆነ የጀመዓው ሳጥን ሙሉውን ይግዛ እንጂ ግማሹን አይግዛ።

የአርቴሚዥያ ሻይም እንደ ወባ መድኃኒት መጠጣት ይቅር። ተክሉ የመድኃኒቱ ምንጭ መሆኑ እውነት ነው፤ በሻይ ውስጥ ያለው መጠን ግን ትንሽና የሚዋዥቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለወባ አይመክረውም።

በረመዳን ወባ የያዘው ሰው መጠኑን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ለማስማማት ሲል ሰዓት አያዛባ። ዲናችን ለታመመ ሰው ፆሙን እንዲፈታና በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ሩኽሳ ሰጥቶታል። ትኩሳትና ጥማት ተደራርበውበት እየተንቀጠቀጠ የሚፆም ወንድም ካየን ወደ ኡስታዙም ወደ ሐኪሙም እናድርሰው።

በመጨረሻ ስለ አንዲት መድኃኒት። ለፋልሲፓረም ከኮአርተም ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የምትሰጥ አነስተኛ መጠን ፕሪማኪን አለች፤ ለነፍሰ ጡሮችና ለጨቅላ ሕፃናት አትሰጥም። ለበሽተኛው ለራሱ የምትጨምርለት ነገር የለም፤ እሱን የሚፈውሰው ኮአርተም ነው። የእሷ ሥራ በደሙ የቀሩትን፣ ወደ ትንኝ የሚሻገሩትን ተሕዋሳት መግደል ነው። ስለዚህ ያችን ፍሬ የሚውጥ ሰው የሚውጣት ለማያውቀው ጎረቤቱ ነው። ስለ ኢሣር በደርስ ብዙ ሰምተናል፤ እዚህ አንድ ፍሬ ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሐኪም ከሰጠን «ምን ታደርግልኛለች» ብለን አንጣላት።

የሴሚስተሩ እረፍት ቅርብ ነው። የጀመዓው የጤና ክፍል ከመበተናችን በፊት አንድ ምሽት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ጊዜ ይስጠን፤ የሕክምና ተማሪ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ይህን በራሳቸው ቃል ያስረዱን፤ ወደ ቆላ የሚሄዱት ተለይተው ይመከሩ። በየዶርሙ ያሉ የተራረፉ ስትሪፖችም ተሰብስበው ወደ ፋርማሲ ይመለሱ። ይህን ለማድረግ የማንንም በጀት አንጠብቅም።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።